ሁለት አካውንት በአንድ አሬና፦ የአንድ ክለብ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የደረሰው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትንሽ የቼዝ ክለብ ነው። አንድ አባል በክለቡ አሬና፣ ማለትም በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የቻሉትን ያህል ጨዋታ በሚጫወቱበት የኢንተርኔት ውድድር፣ በሁለት አካውንት ገባ። የሰዎቹን ስም፣ የአካውንቶቹን መጠሪያና ውድድሩ የተካሄደበትን ድረ ገጽ ትተናል። ጥፋቱ ከባድ የሚባል ዓይነት አልነበረም፤ በኢንጂን (እርምጃ በሚጠቁም የኮምፒውተር ፕሮግራም) የተጫወተ ሰው የለም፣ የሄደው ገንዘብም ጥቂት ነው። ይሁንና በአንድ ምሽት በተሠራ ስህተት ምክንያት ሦስት አካውንቶች ተዘጉ። ከሦስቱ አንዱ ምንም ያላጠፋ ልጅ አካውንት ነበር። ልጁ እዚህ ውስጥ እንዴት እንደገባ ማወቅ ለማንኛውም የክለብ አዘጋጅና ለማንኛውም ወላጅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ዳራ

ተጫዋቹ በድረ ገጹ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ነው። የብሊትዝ (በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ጨዋታ) ሬቲንጉ፣ ማለትም የጥንካሬ ነጥቡ፣ 1900 አካባቢ ነበር። በጥቁር ሲጫወት ለዓመታት የያዘው ካሮ ካን የተባለውን መክፈቻ (የጨዋታ አጀማመር) ነው፤ ወደ ሌላ መክፈቻ፣ ወደ ሲሲሊያን ናይዶርፍ፣ ለመዞር ፈለገ። ናይዶርፍ ብዙ መስመር ያለው መክፈቻ ስለሆነ እስኪለመድ ድረስ ብዙ ጨዋታ ያስከፍላል። እሱም ለዓመታት የገነባውን ሬቲንግ በልምምድ ማፍረስ አልፈለገም። በሌላ ኢሜይል ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ ወደ 60 የሚጠጉ ጨዋታዎች ተጫወተበት፤ ሬቲንጉም 1740 አካባቢ ረጋ።

ታናሽ ወንድሙም ቼዝ ይጫወታል። የራሱ አንድ አካውንት አለው። ሁለቱ በቤት ውስጥ አንድ ዋይፋይና አንድ ላፕቶፕ ይጋራሉ። አንዱ ጨርሶ ሲወጣ ሌላው በዚያው ብራውዘር ይገባል።

እዚህ ላይ ደንቡን በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያወራው። ሁለት የታወቁ የቼዝ ድረ ገጾችን እንውሰድ። ቼስ ዶት ኮም ለአንድ ሰው የሚፈቅደው አንድ አካውንት ነው። ሊቼስ ላይ የሚመዘገብ ሰው ከሚስማማባቸው ነጥቦች አንዱ፣ በአገልግሎት ውሉ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ውጪ ብዙ አካውንት እንደማይከፍት ነው። ሊቼስ በር ትቷል ማለት ነው፤ በሩ ግን የተተወው በምክንያት ነው። ሬቲንግን ሆን ብሎ ለማውረድ ወይም ለመቆለል፣ ከተጣለ እገዳ ለማምለጥ፣ ወይም የውድድርን ውጤት ለማዛባት የተከፈተ አካውንት በሁለቱም ቦታ ያዘጋል። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ የተለያዩ ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው አካውንት ቢኖራቸው ጥፋት የለውም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የተጫዋቹ ሁለተኛ አካውንት በአንዱ ድረ ገጽ ከከፈተበት ቀን ጀምሮ ክልክል ነበር፤ በሌላው ደግሞ አከራካሪ ሊሆን ይችል ነበር። በአሬናው ምሽት የሆነው ግን የትም ቢሆን አያከራክርም።

ምሽቱ

ክለቡ በየሳምንቱ የ90 ደቂቃ አሬና ያዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ የሚሰጠው ሰዓት 3 ደቂቃ ሲሆን በየእርምጃው 2 ሰከንድ ይጨመራል። ለአንደኛ የሚሰጠው የ500 ብር የስልክ ካርድ ነው። የነጥብ አሰጣጡ የተለመደው ነው፦ ማሸነፍ 2፣ አቻ 1፣ መሸነፍ 0። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከዚያ በኋላ ያለው ነጥብ በእጥፍ ይታሰብለታል፤ እጥፉ የሚቆየው ድሉ እስኪቋረጥ ነው።

ያን ምሽት ሲጀመር የነበሩት 9 ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሬና ላይ ሰው ሲያንስ ተጋጣሚ ለማግኘት መጠበቅ ይበዛል። ተጫዋቹ ዋናውን አካውንት በላፕቶፕ ከፍቶ እየጠበቀ ሳለ ሁለተኛውን በስልኩ አስገባ። በኋላ እንዳስረዳው ሐሳቡ ቁጥሩን ማሟላት ነበር። ይህን እናምነዋለን፤ ግን ውጤቱን አይለውጠውም።

አሬና ተጋጣሚ የሚመድበው በዚያች ቅጽበት ነፃ ከሆኑት መካከል ነው፤ በደረጃና በሬቲንግ የሚቀራረቡትን ያስቀድማል። ሁለቱ አካውንቶች ሁለቱም እየጠበቁ ስለነበሩና ነፃ የነበረው ሰው ጥቂት ስለነበር እርስ በርስ ተገናኙ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ወገን መጫወት አይችልም፤ በስልኩ እጅ ሰጠ። ይህ በምሽቱ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ከሦስቱ ሁለቱ 10 እርምጃ እንኳ አልሞሉም።

የመጀመሪያው እጅ መስጠት ለዋናው አካውንት 2 ነጥብ ሰጠ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የደረሱት ዋናው አካውንት በእጥፍ ላይ እያለ ስለነበር እያንዳንዳቸው 4 ሰጡ። በድምሩ 10 ነጥብ ነው። አሬናው ሲያልቅ ዋናው አካውንት በ41 ነጥብ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛ የወጣው 36 ነበረው።

ለማንም ያልታየው ጉዳት ሌላ ነው። ሁለተኛው አካውንት ያን ምሽት እውነተኛ ጨዋታዎችም አሸንፏል። ከተሸነፉት አንዱ ሁለተኛ የወጣው ተጫዋች ሲሆን፣ ሲሸነፍ በእጥፍ ላይ ነበር። እጥፍ ላይ ያለ ሰው ሲሸነፍ የሚያጣው የዚያን ጨዋታ 4 ነጥብ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የሚያሸንፋቸው ሁለት ጨዋታዎችም በ4 ፈንታ በ2 ይታሰባሉ። አንድ ሽንፈት እስከ 8 ነጥብ ያሳጣል ማለት ነው። ጨዋታው ራሱ ንጹሕ ነበር፤ ሆኖም እዚያ መቀመጥ ያልነበረበት ተጋጣሚ የዋናውን አካውንት ተፎካካሪ ድል ቆርጧል። አንድ ሰው በሁለት አካውንት ሲገባ አንደኛው ለሌላኛው ነጥብ ባይሰጥ እንኳ መንገድ ይጠርግለታል። በአንድ ውድድር ሁለት አካውንት የሚከለከለው በዚህም ምክንያት ነው።

ሬቲንጉ

በሦስቱ ጨዋታዎች ዋናው አካውንት ያተረፈው ሬቲንግ ከ10 ነጥብ ብዙም አይበልጥም። 1900 ያለው ሰው 1740 ካለው ጋር ሲጫወት ከመቶ 70 ያህሉን እንደሚያገኝ ስሌቱ አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ቢያሸንፍ የሚጨመርለት ትንሽ ነው። ተጫዋቹ «ለ10 ነጥብ ብዬ ነው ወይ?» ያለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን «ሁለተኛ አካውንት ማንንም አይጎዳም» የሚለው አባባል የሚፈርሰው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሊቼስ የሚጠቀመው የግሊኮ 2 ስሌት ከሬቲንጉ ጎን ሬቲንጉ ምን ያህል ገና እንዳልተረጋገጠ የሚያሳይ መለኪያ ይይዛል። አዲስ አካውንት በ1500 ሲጀምር መለኪያው በጣም ሰፊ ስለሆነ ከሬቲንጉ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ይታያል። በዚያ ወቅት በእሱ የተሸነፈ ሰው የሚያጣው ነጥብ እርግጠኛ ሬቲንግ ባለው ተጋጣሚ ቢሸነፍ ከሚያጣው ያነሰ ነው፤ ስሌቱ «ይህን ሰው ገና አላወቅሁትም» ብሎ ያለዝባል። የጥያቄ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ግን መከላከያ የለም። ለልምምድ ብሎ ከአቅሙ በታች የረጋ አካውንት የሚያሸንፋቸው ሰዎች ሙሉውን ይከፍላሉ። 1740 ተብሎ የተጻፈው ይህ አካውንት ናይዶርፍን ትቶ በለመደው መክፈቻ በተጫወተ ቁጥር የ1900 ተጫዋች ነበር፤ ተጋጣሚው ግን ያንን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

እገዳው

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም አካውንቶች ሬቲንግን በማዛባት ተዘጉ። ድረ ገጾች የመለያ ዘዴያቸውን በሙሉ አይናገሩም። ሊቼስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ግን የአይፒ አድራሻን (የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር) እና የብራውዘርን አሻራ (መሣሪያውን የሚለዩ ምልክቶች) እንደሚያመሳክር ማየት ይቻላል። አይፒ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በሞባይል ዳታ በርካታ ደንበኞች በአንድ የጋራ አድራሻ ይወጣሉ፣ አንድ የትምህርት ቤት ላብራቶሪም እንዲሁ። ክብደት ያለው ምልክቶቹ ሲደራረቡ ነው። እዚህ አንድ ዋይፋይ፣ አጫጭር የእርስ በርስ ጨዋታዎችና ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሄድ ድል ተገናኝተዋል። ይህን ለማየት ሞደሬተር (የድረ ገጹ ተቆጣጣሪ) የተለየ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የጨዋታ ዝርዝሩ ይበቃል።

የመጀመሪያው ይግባኝ

ጉዳዩ የተበላሸው እዚህ ነው። ተጫዋቹ ደንግጦ በዚያው ምሽት ይግባኝ ጻፈ፤ ሁለተኛው አካውንት የታናሽ ወንድሙ እንደሆነና ወንድማማቾቹ በአንድ ቤት እንደሚጫወቱ ገለጸ። አባባሉ ቀላል ይመስላል። ከሞደሬተሩ ወገን ሆነው ሲያዩት ግን እንዲህ ነው፦ ወንድሙ ቀድሞ የከፈተው የራሱ አካውንት በዚያው ላፕቶፕ ላይ አለ። ሁለተኛውም የእሱ ከሆነ፣ ሁለት አካውንት ያለው ልጁ ሆነ ማለት ነው፤ በአንደኛውም ለታላቁ ነጥብ ሲያቀብል ነበር። በማግስቱ የልጁ አካውንት ተዘጋ።

በዚያው ቀን ከክለቡ አባላት አንዱ የተዘጉትን አካውንቶች ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ልጁን የሚያውቁት ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብለው ያዙት። ይህ ከተጻፈ በኋላ ማጥፋት አይረዳም፤ 17 ሰው አይቶታል።

ተጫዋቹ በመሀል ሦስተኛ አካውንት ከፍቶ ለመቀጠል አስቦ ነበር፤ አዘጋጁ ከለከለው። ትክክል ነበር። እገዳን ለማለፍ የሚከፈት አካውንት ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ ይግባኙን ገና ሳይታይ ይገድለዋል። ቪፒኤን (የአይፒ አድራሻን የሚሰውር አገልግሎት) መጠቀምም ያው ነው፤ የሚሰውር ሰው ያስመስላል።

ሁለተኛው ይግባኝ

አዘጋጁ በግሩፑ ላይ አልጻፈም። ለተጫዋቹ ደውሎ ለብቻው አነጋገረው፣ ቀጥሎ ልጁን ከእናቱ ጋር። ልጁ የአሬናው ምሽት ላይ ቤት እንኳ አልነበረም። ከዚያ አዘጋጁና ተጫዋቹ አብረው ተቀምጠው አዲስ ደብዳቤ ጻፉ። ከመጻፋቸው በፊት ያሰባሰቡት ይህን ነው፦

- የሦስቱም አካውንቶች መጠሪያና የተከፈቱበት ወር
- የሦስቱ የእርስ በርስ ጨዋታዎች ማስፈንጠሪያ
- በየትኛው መሣሪያ ማን እንደሚጫወት

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሲሆን ይዘቱ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«በዋናው አካውንቴ ላይ የተወሰነው ትክክል ነው። ሁለተኛውን አካውንት የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ተጫውቶበት አያውቅም። አሬናው ላይ ሁለቱንም አስገብቼ ሦስት ጊዜ ከራሴ ጋር ተገናኝቻለሁ፤ ሦስቱንም በሁለተኛው እጅ ሰጥቻለሁ። በፊተኛው ደብዳቤ የወንድሜ ነው ያልኩት ሐሰት ነው። ወንድሜ አንድ አካውንት ብቻ ነው ያለው፤ ከእኔ ጋር የሚጋራው ላፕቶፑንና ዋይፋዩን ነው። የእኔ ነገር እንዴትም ቢወሰን የእሱ ለብቻው እንዲታይ እለምናለሁ።»

ሰበብ አልተጨመረበትም። ሰው ለማሟላት ነበር የሚለው እውነት ሆኖ ሳለ አውጥተውታል፤ ሞደሬተሩ ሊያረጋግጠው የማይችለው ነገር ስለሆነ። የቀረው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ከድረ ገጹ መዝገብ ጋር ሊመሳከር የሚችል ነው። ብዙ ይግባኞች የሚወድቁት በዚህ ይመስለናል፤ ስለ ስሜት ገጽ ሙሉ ይጻፋል፣ ሊመሳከር የሚችል መስመር ግን አይገኝባቸውም።

መልሱ ከ11 ቀን በኋላ መጣ። የልጁ አካውንት ከነሬቲንጉ ተከፈተ። ሁለተኛው አካውንት ለዘለቄታው ተዘጋ። ዋናውም እንደተዘጋ ቀረ፤ ተጫዋቹ አንድ አዲስ አካውንት ብቻ ከፍቶ ከመነሻ እንዲጀምር ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ደብዳቤ እውነት ቢሆን ኖሮ ዋናው ይተርፍ ነበር ወይ ብሎ መገመት ይቻላል፤ የልጁ እንደማይዘጋ ግን ግምት አያስፈልገውም።

ክለቡ ያደረገው

መጀመሪያ የሞከሩት ነጥቡን እንደገና ማስላት ነበር። ሦስቱን ጨዋታዎች ሰርዘው፣ ሁለተኛው አካውንት የነካቸውን ሁሉ አውጥተው ደረጃውን በወረቀት ሊሠሩ ሞከሩ። አልሆነም። አሬና ላይ የእያንዳንዱ ጨዋታ ዋጋ ከፊቱ ባሉት ላይ ይንጠለጠላል። አንዱን ሲያወጡ የሌላው እጥፍ ይለወጣል፤ ምደባውም ያለዚያ ጨዋታ ሌላ ይሆን ነበር። ሁለት ሰዎች አስልተው ሁለት የተለያየ ሠንጠረዥ ይዘው መጡ። በመጨረሻ ሁለቱን አካውንቶች ብቻ ሰርዘው ሌላውን እንዳለ ትተው ደረጃውን አንድ አንድ ከፍ አደረጉ። ሽልማቱ 36 ነጥብ ላለው ተሰጠ። ፍጹም ፍትሕ አይደለም፤ ግን ሊብራራ የሚችልና ሁሉም በእኩል የሚረዳው ነው። የዙር ውድድር ቢሆን ኖሮ ማስተካከሉ ይቀል ነበር።

ተጫዋቹ ካርዱን በዚያው ቀን መለሰ። የልጁን ስም በግሩፑ ላይ የማጽዳቱን ነገር አዘጋጁ አልጻፈውም፤ ተጫዋቹ ራሱ እንዲጽፈው አደረገ። «አካውንቱ የእኔ ነበር፣ ወንድሜ ምንም አላደረገም» የሚል አንድ መልእክት ነበር። ከሁሉ በላይ የሠራው ይህ ነው። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ገባ።

ካልሠሩት ነገሮች አንዱ የምዝገባ ገደብ ነው። ክለቡ ለሁለት ሳምንት «ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ» የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። እህትማማቾችና ወንድማማቾች ከውድድሩ ቀሩ፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ የቤተሰብ ሆነ። ተሰረዘ። በምትኩ ሰው ሁሉ ሲመዘገብ መጠሪያውንና መሣሪያ ወይም ዋይፋይ የሚጋራውን አባል አንድ ጊዜ ለአዘጋጁ ይናገራል። አንድ መስመር ናት። ሁለት የቤት ልጆች አሬና ላይ ቢገናኙና አንዱ ቶሎ ቢሸነፍ አዘጋጁ ቀድሞ ያውቃል፤ ከድረ ገጹ ጥያቄ ቢመጣም መልስ አለው።

ለሌሎች የሚሆነው

ተጫዋቹ የፈለገው ሬቲንጉን ሳይነካ መክፈቻ መልመድ ነበር። ለዚያ ሁለተኛ አካውንት አያስፈልግም ነበር። በሁለቱም ድረ ገጾች ቡሌት (በጣም ፈጣን)፣ ብሊትዝና ራፒድ (ረዘም ያለ) ጨዋታዎች ለየብቻ ሬቲንግ አላቸው። የብሊትዝ ሬቲንጉ የሚያሳሳው ሰው ናይዶርፍን በራፒድ ይልመድ፤ ለመማርም ራፒድ ይሻላል፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ያለ ሬቲንግ የሚደረግ ጨዋታም አለ። ከክለቡ ጓደኛ ጋር ከተወሰነ አቋም ጀምሮ መጫወትም ይቻላል፦ የናይዶርፍን አምስት እርምጃ አስቀምጦ ከስድስተኛው መቀጠል። የሬቲንጉ መውረድ ራሱ የሚረብሸው ሰው ሊቼስ ላይ የሬቲንግ ቁጥሮች እንዳይታዩት ማድረግ ይችላል።

መጠሪያውን ስላልወደደው አዲስ የሚከፍትም አለ። ሊቼስ ላይ መጠሪያ አይለወጥም፤ የፊደላቱ ትልቅና ትንሽነት ብቻ ነው የሚስተካከለው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በጥንቃቄ መምረጥ ነው። አዲስ የግድ ከሆነ የቀድሞውን መጀመሪያ ዘግቶ ቀጥሎ አዲሱን መክፈት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ባይኖሩ የሚነሣ ጥያቄ የለም።

ክለቡ ውስጥ በተደጋጋሚ የተነሣው ክርክር «ካርልሰን ራሱ በስንት ስም ነው የሚጫወተው» የሚል ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን ሊቼስ ላይ በተለያዩ መጠሪያዎች መጫወቱ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚያ የታወቁት አካውንቶች የግራንድማስተር (በቼዝ ከፍተኛው) ማዕረግ ያረፈባቸው ናቸው፤ ማዕረጉን ድረ ገጹ የሚሰጠው ማንነትን አረጋግጦ ነው። ተጋጣሚው ስሙን ባያውቅ እንኳ ግራንድማስተር ፊት መቀመጡን ያውቃል። ቼስ ዶት ኮም ላይ ጠንካራ ተጫዋቾች ለማስተማር ከዝቅተኛ ሬቲንግ ጀምረው የሚወጡባቸው አካውንቶችም በቅድሚያ ፈቃድ የሚከፈቱ ናቸው፤ የተሸነፉ ሰዎችም ነጥባቸው ይመለስላቸዋል። በሁለቱም መንገድ ድረ ገጹ አስቀድሞ አውቋል። ከእኛ ተጫዋች ጋር ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ሁለተኛውን አካውንት ለአዘጋጁ እንኳ አልነገረም።

ኮምፒውተር ፕሮግራም ማጫወት ለሚፈልግ ሊቼስ የቦት አካውንት አለው። አካውንቱ አንድም ጨዋታ ያልተጫወተበት መሆን አለበት፤ አንዴ ቦት ከሆነ ወደ ሰው አካውንት አይመለስም። የራስን አካውንት ለዚህ መንካት አይገባም።

ለትምህርት ቤት ክለቦች ደግሞ አንድ ነገር። 20 ልጅ በአንድ ቀን ከአንድ ላብራቶሪ ሲመዘገብ ጥርጣሬ መቀስቀሱ አይቀርም። ሊቼስ መምህራን ለተማሪዎቻቸው አካውንት የሚከፍቱበት «ክፍል» የተባለ አገልግሎት አለው፤ በእሱ መክፈት ይሻላል። ልጆቹ የይለፍ ቃል እንዳይጋሩ፣ ከተጋራ ኮምፒውተር ሲነሡም ከአካውንታቸው ወጥተው እንዲነሡ ከመጀመሪያው ቀን ማስለመድ ነው። የጓደኛ አካውንት ተከፍቶ ሲያገኙ «አንድ ጨዋታ ብቻ» ብለው የሚቀመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ያች አንድ ጨዋታ አካውንቱን የሁለት ሰው ታደርገዋለች፤ ይግባኝ በሚጻፍበት ቀን «ሌላ ሰው አልተጫወተበትም» የሚለውን መስመር በእውነት መጻፍ አይቻልም።

ተጫዋቹ በአዲሱ አካውንት ከ1500 ጀምሮ አሁን እየወጣ ነው። ለክለቡ አሬና ሲመዘገብ ከመጠሪያው አጠገብ የወንድሙን መጠሪያና «አንድ ላፕቶፕ» የሚል ይጽፋል።